እትዬ ውድነሽን ያዘገየው አህያ

ስሙኝማ፤ የምነግራችሁ ስለ አንዲት የስልክ መልእክትና ስለ አንድ እልኸኛ አህያ ነው።

የእትዬ ውድነሽን ዓይን ሞራ ጋርዶታል። ሰኞ ቀዶ ሕክምና አላቸው፤ የሚከፍሉትም በባንክ ካርዳቸው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ስልካቸው ጮኸ። ተከራያቸው አውቶቡስ እንዳያመልጣት እየተጣደፈች አነበበችላቸው፦ «በካርድዎ የተሞከረው ክፍያ አልተሳካም። የሚስጥር ቁጥርዎን እስከ ስድስት ሰዓት ካልላኩ ካርድዎ ይዘጋል።» አንብባ ወጣች። እትዬ ውድነሽ ክው አሉ። ካርዱ ከተዘጋ ሕክምናው ቀረ ማለት ነው። የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ፤ መልስ የሚጽፍላቸው ሰው።

በሰፈሩ ማመልከቻም ደብዳቤም የሚጽፉት ጋሽ መንገሻ ናቸው፤ እትዬ ውድነሽ ምስጢር የሚያምኑትም እሳቸውን ብቻ። «መልስ ይጻፉልኝ» አሏቸው።

«ያለ መነጽሬ አልጽፍም። ተሰብሮ ሰዓት ሠሪው ጀማል ጋ ነው።»

ጀማል ጋ ሄዱ። «ጀማል፣ መነጽሩን ሥራ፤ ያለ መነጽር ጋሽ መንገሻ አይጽፉም፤ ካልጻፉ ጉዴ ፈላ።»

«ያለ መፍቻዬ አልሠራም እትዬ። ልብስ ሰፊዋ ትርፌ ተውሳኛለች።»

ትርፌ ጋ ሄዱ። «ትርፌ፣ መፍቻውን መልሺ፤ ያለ መፍቻ ጀማል አይሠራም፤ ያለ መነጽር ጋሽ መንገሻ አይጽፉም፤ ካልጻፉ ጉዴ ፈላ።»

«የስፌት መኪናዬን ፈታትቼው እንዴት ልመልስ? ዘይት ሳልቀባው አልገጥመውም። ዘይት ያለው ቶላ ወፍጮ ቤት ነው።»

ቶላ ጋ ሄዱ። «ቶላ፣ ዘይት ስጠኝ፤ ያለ ዘይት ትርፌ መፍቻ አትመልስም፤ ያለ መፍቻ ጀማል አይሠራም፤ ያለ መነጽር ጋሽ መንገሻ አይጽፉም፤ ካልጻፉ ጉዴ ፈላ።»

ቶላ ከውስጥ ሆኖ፣ «የማንም አህያ ደጄ ላይ ተገትሯል» አለ። «እሱ ፈቀቅ ካላለ በየት ላቀብልዎት?»

ወደ አህያው ዞሩ። «አንተ፣ ፈቀቅ በል፤ ፈቀቅ ካላልክ ቶላ ዘይት አይሰጥም፤ ያለ ዘይት ትርፌ መፍቻ አትመልስም፤ ያለ መፍቻ ጀማል አይሠራም፤ ያለ መነጽር ጋሽ መንገሻ አይጽፉም፤ ካልጻፉ ጉዴ ፈላ።»

አህያው ተገፋ፣ ተጎተተ፣ ተሰደበ፤ ወይ ፍንክች። ስድስት ሰዓት ሆነ። እትዬ ውድነሽ ተስፋ ቆርጠው አህያው ላይ ተደግፈው አለቀሱ። ሲደገፉ እጃቸው ሆዱ ሥር ገባ። ዓይናቸው ቢደክምም ጣታቸው ደህና ነው፤ የጭነቱ ገመድ ቆዳውን ልጦት ኖሯል። «ወይኔ ልጄን» ብለው ገመዱን ላላ አደረጉለት።

ገመዱ ሲላላ አህያው ፈቀቅ አለ፤ አህያው ፈቀቅ ሲል ቶላ ዘይት ሰጠ፤ ዘይት ሲገኝ ትርፌ መፍቻ መለሰች፤ መፍቻ ሲመለስ ጀማል መነጽር ሠራ፤ መነጽር ሲሠራ ጋሽ መንገሻ መልእክቱን አነበቡ። ሌሎቹም ነገሩ ምን እንደሆነ ለማየት ተከትለው መጥተው ነበር፤ አህያው ጭምር።

«ውድነሽ፣» አሉ ጋሽ መንገሻ፣ «ይሄ ሌባ ነው። ባንክ የሚስጥር ቁጥር ላኩልኝ አይልም። ልከሽለታል?»

«ማን ጽፎልኝ?»

ትርፌ ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ባንኩ ጋ ደወለች። ካርዱ ደህና ነው፤ የተሞከረ ክፍያም የለም። እትዬ ውድነሽ እፎይ አሉ። መልስ ሳይሰጡ መቅረት ግን አይሆንላቸውም፤ እሳቸው እየነገሩ ጋሽ መንገሻ ጻፉ፦ «የሚስጥር ቁጥሩን መጥተህ ውሰድ። አምስት ሰዎችና አንድ አህያ ሆነን እየጠበቅንህ ነው።»

ሰውዬው አልመጣም። ሰኞ ካርዱ ከፈለ። ማክሰኞ የአንደኛው ዓይናቸው ፋሻ ሲፈታ፣ እትዬ ውድነሽ ፊታቸው የቆሙትን ጋሽ መንገሻን አተኩረው አዩ።

«ጋሽዬ፣» አሉ ደስ ብሏቸው፣ «ለካ ሸብተዋል።»