ያልተሰጠው ጋቢ

አንድ አገር ላይ ማንጠግቦሽ የምትባል አዋቂ ነበረች። አዋቂ ስላችሁ የሰፈር ሽማግሌ እንዳይመስላችሁ፤ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ የሞተ ዘመድ የሚለውን ለሕያው የምትነግር ነበረች። እናቷም ያንኑ ነበረች። እናትየው ልትሞት ስትል መጋረጃውን አወረሰቻት፣ ሥርዓቱንም ነገረቻት፦ «ልጄ፣ ያልታየሽን ታየኝ አትበይ። ምንም ካልመጣልሽ አልመጣልኝም በይ፣ አያሳፍርም። ሟች ተነሥቶ ዋሸች አይልሽምና በሱ አፍ አትጫወቺ።»

ማንጠግቦሽ መጋረጃውን ያዘች፣ ሥርዓቱን ጣለች። ምን ታድርግ፣ «አልመጣልኝም» ስትል የሰዉ ፊት ይጠቁራል፤ የሰው ፊት ደግሞ እንዴት ይቻላል? እናም ዘዴ አበጀች። በየለቅሶው እየሄደች ነጠላዋን እስካፍንጫዋ ተከናንባ ከኋላ ትቀመጣለች። አልቃሿ ስትገጥም የሟች ኑሮ ሁሉ ይወጣ የለ? ምን ይወድ እንደነበር፣ ማን እንዳስታመመው። እሷ ያንን ለቅማ ታስቀምጥና ዘመድ ሲመጣላት ሟች እንዳለው አድርጋ ትነግረዋለች። ሰዉም «ወይ ጉድ! ይሄንን ማን ነገራት?» እያለ ይሄዳል። ደረቱን የመታበትን ግጥም እኮ ነው የምትመልስለት!

አንድ ማለዳ ዘርፌ የምትባል ሴት መጣች። እህቷ አስካለ ሞታባት አርባዋ ገና አልወጣም።

«እሜቴ፣ እህቴን ይጠይቁልኝ» አለች። «ይቅር ብላኛለች ወይ? ሌላ ምንም አልፈልግም። እህል ከአፌ አልገባ ብሏል።»

ማንጠግቦሽ ብትጠብቅ ምንም አልመጣላትም። የእናቷ ቃል ትዝ ሳይላት አልቀረም፤ አለፈችው። ይልቅ የአስካለ ለቅሶ ላይ የሰማችውን አስታወሰችና ድምጿን አቅጥና፣ «እህቴ ሆይ፣ ምን በድለሽኝ! ብርድ ሲያንሰፈስፈኝ ጋቢሽን ከላይሽ ገፍፈሽ ያለበስሽኝ አንቺ አይደለሽም?» አለች።

ማንጠግቦሽ ለቅሶ ስትጠብቅ ከመጋረጃው ወዲያ ሳቅ መጣ። ሳቁ ግን፣ እናንተ፣ የሚያስፈራ ሳቅ ነው።

«አላለበስኳትም» አለች ዘርፌ። «ስጪኝ በረደኝ ስትለኝ፣ ለፋሲካ ያሠራሁት ነው፣ መድኃኒት መድኃኒት ይሸትብኛል ብዬ ነፈግኋት። በማግስቱ ሞተች። ለቅሶው ላይ ሰው ምን ይለኛል ብዬ፣ ‹ጋቢዋን አልብሳታለች በይልኝ› ብዬ ለአልቃሿ በጆሮዋ ነገርኳት። ይቅርታ የምለምነው ስለዚሁ ጋቢ ነበር። እሜቴ፣ የገዛ ውሸቴን ነው የመለሱልኝ።»

ማንጠግቦሽ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። መጋረጃውን ገልጣ ወጣችና እፊቷ ቁጭ አለች።

«እዚያ ለቅሶ ላይ ከኋላሽ ነበርኩ» አለች አቀርቅራ። «እህትሽ ምንም አላለችኝም። ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም።»

«ታዲያ ይቅር ማለቷን ማን ይንገረኝ?»

«እኔ አላውቅም።»

ይህችን ቃል ስትል ፊቷ እንደ ፍም ቀላ። ዘርፌም ቀና ብላ ልትወቅሳት አልቻለችም፤ እሷስ በእህቷ ሬሳ ላይ ያንኑ አላደረገችም?

«ጋቢው እቤት ታጥፎ አለ። ላየውም አልቻልኩ» አለች ዘርፌ።

«አስካለ ልጅ የላትም?»

«ውዴ የምትባል አለች። አንዲት ናት።»

«እንግዲያ ወደሷ ሂጂ። ሕያው ናት፣ አፏም የራሷ ነው። ብትሰድብሽም እውነቱን ነው የምትሰሚው።»

የአርባዋ ዕለት ዘርፌ ጋቢውን ታቅፋ፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ፣ «ያ የተገጠመው ውሸት ነው፤ አላለበስኳትም» አለች። የአስካለ ልጅ ውዴ ቀና ብላ አየቻት።

«አውቃለሁ፣ አክስቴ» አለች። «እራስጌዋ የነበርኩት እኔ አይደለሁም? ያን ግጥም ሲገጥሙ ጆሮዬን የት ልጣለው ነበር ያልኩት።»

ጋቢውን ተቀበለች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ግን አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላትና ዘርፌ ተቀመጠች። ከኋላ ማንጠግቦሽ ነበረች፣ ያን ቀን ሳትከናነብ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲመጣላት፣ «አልመጣልኝም፤ ይልቅ ስለሟች አንተ ንገረኝ» ትል ነበር አሉ።

ልጆቼ፣ ሐዘንተኛ መስማት የሚፈልገውን መንገር ደግነት ይመስላል። ግን የማናውቀውን በሟች አፍ ስንናገር፣ ሕያው ከሕያው የሚታረቅበትን መንገድ እንዘጋለን። «አላውቅም» ማለት ቢያሳፍር ለአንድ አፍታ ነው፤ የውሸት ማጽናኛ እፍረት ግን አርባውን ቀን ሙሉ አብሮን ይተኛል። እስቲ እናንተስ፣ ውሸታችሁን እያወቀ ዝም ያለላችሁ ሰው የለም?