ቅጠል የያዘው ታንኳ

የቴውስን ታንኳ ቅጠል ያዘው። መርከቡም በዚያው ሰሞን መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኢንዶኔዥያ ምሥራቃዊ ባሕር ላይ፣ ብዙ ሰው ስሟን ከማያውቃት ደሴት ላይ፣ ዋርሳል የምትባል መንደር አለች። አርባ ሦስት ቤት፣ አንድ ጉድጓድ፣ አንዲት ቤተ ክርስቲያን። ደሴቲቱ ሁለመናዋ ኮራል የሚሉት የባሕር አለት ነው። ይፈለጣል፣ ቤት ይሠራበታል፣ ተቃጥሎ ኖራ ይሆናል፤ ደህና ድንጋይ ግን አይወጣውም። መርከብ በዓመት ሁለቴ ብቅ ይላል። ከአለቱ ውጭ ይቆማል፣ ባሕሩ ሞልቶ መጉደል እስኪጀምር ይጠብቃል፣ ከዚያ ማንንም ሳይለምን ይሄዳል።

በዋርሳል ኮኮናት ሳይበስል እንዳይለቀም የመንደሩ ጠባቂ ከዛፍ ዛፍ ለጋ የኮኮናት ቅጠል ያስራል። ቅጠል ነው፤ ፍየል ትበጥሰዋለች። ሰው ግን አይበጥሰውም። ከቅጠሉ ወዲያ ያለ ሁሉ የቅጠሉ ነው። የወደቀ ፍሬም ይሁን፣ የተረሳ መጥረቢያም ይሁን፣ እስኪፈታ ድረስ ሦስት ወር እዚያው ይተኛል።

ቴውስ ይህን አጥቶት አይደለም። ቅጠሉ በሚታሰርበት ዋዜማ ታንኳውን ለጥላ ብሎ ከዛፎቹ ሥር ጎተተው። እንደ መለከት የሚነፋው የማስጠንቀቂያ ዛጎል ሦስቴ ሲጮህም ሰምቷል። «ጠዋት አወጣዋለሁ» አለና ተኛ። ቀኑን ሙሉ ለሰው ቤት ኮራል ሲፈልጥ ነበር የዋለው። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ነበር፤ አባቱን ባሕር ከወሰደው ከአሥራ አንድ ዓመቱ ጀምሮ ሌላ ዓይነት ቀን ውሎ አያውቅም። ጠዋት ሲነሳ ታንኳው ከቅጠሉ ወዲያ ነበር።

በዚያው ሳምንት መርከቡ ከጎረቤት ደሴት መቆሙ ተሰማ። ካፒቴኑ ባለፈው ሲመጣ፣ «በሚቀጥለው ከመርከቤ ጎን ድረስ ራስህ ከመጣህ እወስድሃለሁ» ብሎት ነበር። ቴውስ ለእናቱ ለማሪያና፣ «እሄዳለሁ» አላት። ሁለቱ ታላላቆቹ በዚሁ መርከብ ነው የሄዱት። አንዱ አንድ ደብዳቤ ልኳል። ሌላው አንድም አልላከ። ማሪያና ሦስት ቀን ሙሉ አላናገረችውም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መርከቡ ከአለቱ ውጭ ጮኸ። የመንደሩ ታንኳ ሁሉ ዓሣ ለማጥመድ ሩቅ ሄዷል፤ ከማታ በፊት አይመለስም። በዋና እንዳይሄድ፣ ታንኳ በሚያልፍበት የአለቱ በር ላይ ያለው የባሕር ጅረት ሰው ይውጣል። የቀረው የእሱ ታንኳ ብቻ ነው። ቴውስ በእናቱ አጠገብ ዝም ብሎ አለፈና ወደ ጠባቂው ወደ ሽማግሌው ቶቢያስ ሮጠ። በዚያ አገር አያትንም ሽማግሌንም «ቴቴ» ነው የሚሉት።

«ቴቴ፣ ቅጠሉን ይፍቱልኝ። ታንኳዬን ብቻ ላውጣ።»

«ታንኳህ እዚያ ምን ይሠራል?»

«ጥላ ፈልጌ ነው።»

«አገኘሃ» አለ ሽማግሌው። «የሦስት ወር ጥላ።»

«መርከቡ ሊሄድ ነው።»

«የመርከብ ሥራው መሄድ ነው። ስማ፤ ቅጠል በዛጎል ይታሰራል፣ በዛጎል ይፈታል። ረጅም ጩኸት ለሁሉም፣ አጭር ጩኸት ለአንድ ዕቃ። አጭሩን አስነፋ። እሱን ካልሰማሁ እጄ ቅጠል አይነካም።»

ዛጎል ካልጮኸ ቅጠል አይፈታ፣ ቅጠል ካልተፈታ ታንኳ አይወጣ፣ ታንኳ ካልወጣ ቴውስ አይሄድ። ባሕሩ ግን መሙላት ጀምሯል።

ዛጎል ነፊው ኮርኔሊስ ነው። ደጁ ላይ ትልቁን ዛጎል ጭኑ ላይ አስቀምጦ ተቀምጧል።

«አጎቴ፣ አንድ አጭር ይንፉልኝ።»

«በምኔ?» አለ ኮርኔሊስ። አፉን ከፍቶ አሳየው። «ይኸው፣ ደረቅ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ፒናንግ አላኘክሁም።»

ፒናንግ እንደ ጫት የሚታኘክ ፍሬ ነው፤ አፍ ያቀላል፣ ምራቅ ያመጣል፣ ሰው ያነቃል።

«ፒናንጉ ከፊትዎ ነው እኮ ያለው።»

«ኖራውስ? ፒናንግ ያለ ኖራ እንጨት ነው። እንጨት አኝኬ ብነፋ ዛጎሉ ራሱ ይስቅብኛል። የሳሎሚናን ኖራ አምጣልኝ። የሌላ ሰው እንዳይሆን፤ ምላሴን ልጦኛል።»

ኖራ ካልመጣ ፒናንግ አይታኘክ፣ ፒናንግ ካልታኘከ አፍ አይርስ፣ አፍ ካልራሰ ዛጎል አይጮህ፣ ዛጎል ካልጮኸ ቅጠል አይፈታ፣ ቅጠል ካልተፈታ ታንኳ አይወጣ፣ ታንኳ ካልወጣ ቴውስ አይሄድ። ባሕሩ የመጀመሪያውን አለት ሸፈነ።

ሳሎሚና ባሏ የሞተባት፣ ክንዷ እስከ ክርኗ በኖራ የነጣ ሴት ናት። ቴውስ እየሮጠ ሲመጣ አየችውና ሳቀች።

«ታላቅህም እንዲሁ ይሮጥ ነበር። የሚሄድ ሰው ሩጫ ያምርበታል። ሲመለስ የሮጠ ግን አላየሁም።»

«ማማ ሳሎሚና፣ ለኮርኔሊስ ትንሽ ኖራ ስጪኝ።»

«ይኸው ክምሩ። ተቃጥሏል እንጂ ገና አልፈረሰም። ውሃ ካልጠጣ ዱቄት አይሆንም።»

«ከባሕሩ ልቅዳልሽ?»

«በጨው ውሃ ከፈረሰ ለኮርኔሊስ አፍ ሳይሆን ለኮርኔሊስ ግድግዳ ነው የሚሆነው። የጉድጓድ ውሃ አምጣ። ባልዲው እዚያ አለ። ገመዱ ግን ትናንት ተበጥሷል።»

ቴውስ ጉድጓዱን ሄዶ አየው። ባልዲው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተደፍቷል። ውሃው ከታች ያብለጨልጫል፤ ጠጠር ቢጥሉበት ድምፁ ቆይቶ ነው የሚመጣው።

ገመድ ከሌለ ባልዲ አይወርድ፣ ባልዲ ካልወረደ ውሃ አይወጣ፣ ውሃ ካልወጣ ኖራ አይፈርስ፣ ኖራ ካልፈረሰ ፒናንግ አይታኘክ፣ ፒናንግ ካልታኘከ አፍ አይርስ፣ አፍ ካልራሰ ዛጎል አይጮህ፣ ዛጎል ካልጮኸ ቅጠል አይፈታ፣ ቅጠል ካልተፈታ ታንኳ አይወጣ፣ ታንኳ ካልወጣ ቴውስ አይሄድ። ባሕሩ ሁለተኛውን አለት ሸፈነ። መርከቡ አንዴ ጮኸ።

ገመድ የሚገምደው አሎይስ ነው፤ ከኮኮናት ቃጫ። ቴውስ ሲደርስ ገመዱ ከአሎይስ ጉልበት ተነስቶ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ አጥሩን አልፎ ሄዷል።

«አንድ ወጥ ነው» አለ አሎይስ፣ ኮራ ብሎ። «ለጉድጓዱ የሚበቃውን ቁረጥና ውሰድ። ገጀራው ይኸውልህ።»

ቴውስ ገጀራውን ያዘና መታው። ገመዱ ዘለለ። ደግሞ መታው። ደግሞ ዘለለ። ቁጭ ብሎ እንደ መጋዝ ፈተገው። ገመዱ ትንሽ ጸጉር አወጣ፤ ሌላ ምንም አልሆነም።

«ይህ እኮ አይቆርጥም።»

«አውቃለሁ። ከፋሲካ ወዲህ አልተሳለም።»

«በጥርሴ ልቁረጠው?»

«ጥርስህን ለመርከብ ብስኩት አስቀምጠው፤ ደረቅ ነው ይላሉ።»

«በኮራል ልሳለው?»

«ኮራል ስለት ይበላል እንጂ ስለት አያወጣም። የመሳያ ድንጋይ ነው የሚያስፈልገው። እሱ ደግሞ በዚህ መንደር አንድ ብቻ ነው።» አሎይስ ሥራውን አቁሞ ቀና አለ። «የት እንዳለ እኔ ልንገርህ?»

ቴውስ ያውቃል። ድንጋዩን አባቱ ነበር ከትልቁ ደሴት በታንኳ ያመጣው። ያለውም ቤታቸው ነው፣ ማሪያና ዘንድ።

ድንጋይ ከሌለ ገጀራ አይሳል፣ ገጀራ ካልተሳለ ገመድ አይቆረጥ፣ ገመድ ካልተቆረጠ ባልዲ አይወርድ፣ ባልዲ ካልወረደ ውሃ አይወጣ፣ ውሃ ካልወጣ ኖራ አይፈርስ፣ ኖራ ካልፈረሰ ፒናንግ አይታኘክ፣ ፒናንግ ካልታኘከ አፍ አይርስ፣ አፍ ካልራሰ ዛጎል አይጮህ፣ ዛጎል ካልጮኸ ቅጠል አይፈታ፣ ቅጠል ካልተፈታ ታንኳ አይወጣ፣ ታንኳ ካልወጣ ቴውስ አይሄድ። ባሕሩ ሦስተኛውን አለት ሸፈነ። ከሦስተኛው በላይ አይሞላም።

ቴውስ ገጀራውን እንደያዘ በባሕሩ ዳር መጣ። ታንኳው ከቅጠሉ ወዲያ ሦስት እርምጃ ላይ ተኝቷል። ማንም አልነበረም። ቅጠሉን በሁለት ጣቱ ያዘው። ክብደት የለውም። ትንሽ ቆየና ለቀቀው። ወደ ቤቱ ሄደ።

ማሪያና ደጅ ተቀምጣ ካሳቫ የሚሉትን የሚበላ ሥር ትልጣለች። ድንጋዩ ከእግሯ ሥር ነው። ቴውስ ቆመ፤ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ተናገረ።

«ማማ፣ ድንጋዩን ፈልጌ ነው። ድንጋዩ ገጀራውን ካልሳለ፣ ገጀራው ገመዱን አልቆርጥ አለ፣ ገመዱ ባልዲውን አላወርድ አለ፣ ባልዲው ውሃውን አላወጣ አለ፣ ውሃው ኖራውን አላፈርስ አለ፣ ኖራው ፒናንጉን አላጣፍጥ አለ፣ ፒናንጉ የኮርኔሊስን አፍ አላርስ አለ፣ አፉ ዛጎሉን አልነፋ አለ፣ ዛጎሉ ቅጠሉን አላስፈታ አለ፣ ቅጠሉ ታንኳውን አልለቅ አለ። ባሕሩ ሞልቷል።»

ማሪያና አንዱን ካሳቫ አስቀመጠች፤ ሌላ አነሳች።

«ስንት ሰው ጠየቅህ?» አለችው። በሦስት ቀን የመጀመሪያዋ ቃል ነበረች።

«አራት።»

«አራት ሰው። ለአንድ ታንኳ።» ላጠች። «እኔን ግን አልጠየቅኸኝም።»

«ነገርኩሽ እኮ።»

«ነገርከኝ። ወንድሞችህም ነግረውኛል። አባትህም በዚያች ቀን ነግሮኝ ነው የወጣው። በዚህ ቤት አራት ወንድ እሄዳለሁ ብሎ ነግሮኛል። ልሂድ ወይ ያለኝ የለም።»

መርከቡ ሁለተኛ ጮኸ።

«ድንጋዩን ስጪኝ።»

«እኔ ስለ ድንጋይ መች አወራሁ?»

ድንጋዩ እዚያው ነበር። ጎንበስ ብሎ ቢያነሳው የሚከለክለው አልነበረም። ማሪያና ትንሽ ሴት ናት። ቅጠሉንም ቢበጥሰው የሚከለክለው አልነበረም።

ቴውስ ገጀራውን መሬት ላይ አስቀመጠና ከፊቷ ቁጢጥ አለ።

«ማማ፣ ልሂድ ወይ?»

ማሪያና የያዘችውን ካሳቫ እስከ መጨረሻው ላጠችው። ቴውስ ባሕሩን ላለማየት ልጣጩን ያይ ነበር። ልጣጩ ሳይቆረጥ ወረደ።

«ሂድ» አለች። ድንጋዩንም በእግሯ ወደ እሱ ገፋችው።

ድንጋዩ ገጀራውን ሳለ። ገጀራው ገመዱን ቆረጠ፤ አሎይስ፣ «ቀስ፣ ቀስ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያን እንዳትወስድብኝ» አለ። ገመዱ ባልዲውን አወረደ፣ ባልዲው ውሃውን አወጣ፣ ውሃው ኖራውን አፈረሰ። ኖራው ጨሰ፤ ሳሎሚና በቅጠል ቋጥራ ሰጠችው፣ ሳቋን ግን አልሳቀችም። ኖራው ፒናንጉን አጣፈጠ፣ ፒናንጉ አፉን አራሰ። ኮርኔሊስ አኘከ፣ ቀዩን ምራቅ ተፋ፣ ደግሞ አኘከ።

«አጎቴ፣ ይበቃዎታል።»

«የሚነፋው አንተ ነህ እኔ?» አለና ዛጎሉን አነሳ።

አፉ ዛጎሉን ነፋ፣ ዛጎሉ ቅጠሉን አስፈታ፣ ቅጠሉ ታንኳውን ለቀቀ። ሽማግሌው ቶቢያስ የፈታውን ቅጠል እጁ ላይ ጠቅልሎ ቆመ። ቴውስ ታንኳውን ከጥላው ወደ ውሃው ጎትቶ፣ ያለውን ዕቃ፣ የመኝታ ምንጣፉን፣ ወረወረበት።

«ማን ይመልሰዋል?» አለ ሽማግሌው።

«ምኑን?»

«ታንኳውን። የተፈታው ለመውጣት ነው፤ መርከብ ላይ ሰቅለህ ልትሄድ ነው? በዋርሳል ታንኳ ለባሕር አይተውም።»

ቴውስ ይህን አላሰበውም ነበር። ባሕሩን አየ፣ መንደሩን አየ። የሚቀዝፉት ወንዶች በሙሉ ዓሣ ላይ ናቸው።

«እኔ እመልሰዋለሁ» አለች ማሪያና። ከኋላቸው መቅዘፊያ ይዛ ቆማለች። የካሳቫው ዱቄት ከእጇ አልለቀቀም።

ከፊት ቴውስ፣ ከኋላ ማሪያና ሆነው ቀዘፉ። ባሕሩ መጉደል ስላልጀመረ በአለቱ በር ላይ ጅረቱ ገና አልነቃም።

«መርከቡ ላይ ስትተኛ ጫማህን አታውልቅ» አለች። «ወንድምህ በደብዳቤው የጻፈው እሱን ብቻ ነው። ጫማውን ሰረቁት።»

«ጫማ የለኝም እኮ።»

«እንግዲያው ምንህን ይሰርቁሃል?»

ቴውስ ሳቀ። እሷም የሳቀች መሰለው፤ ከኋላው ስለነበረች አላያትም።

ከመርከቡ ጎን ሲደርሱ ካፒቴኑ ከላይ ጎንበስ ብሎ አያቸው። «ራስህ ና ብዬህ አልነበረም?»

«ራሴ ነው የመጣሁት። እሷ ታንኳውን ልትመልስ ነው።»

ገመድ ተወረወረለት። ቴውስ ምንጣፉን ብብቱ ሥር ይዞ ወጣ። ዞር ብሎ ሲያይ ማሪያና ታንኳውን ከመርከቡ እየገፋች ነበር። ባሕሩ መጉደል ጀምሯል፤ ሦስተኛው አለት ጫፉን አወጣ። እጇን አላነሳችም። ሁለቱም እጆቿ መቅዘፊያው ላይ ነበሩ፣ ጅረቱም እየነቃ ነበር። በበሩ ላይ ታንኳው አንዴ ወደ ጎን ሄደ፣ ተመለሰ፣ አለፈ። ከዚያ ወዲያ ቴውስ ማየት የቻለው ነጩን የባሕር ዳር ብቻ ነው።

በዚያ ቤት አምስት ሰው ነበር። አሁን ማሪያና ብቻ ቀረች።