ዝንጀሮ፣ ጃርትና የክፉ ቀን ስንቅ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ የላም በረቱን ክፈቱና ላስገባው።

ከፈታችሁ? እንግዲያው ስሙ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት እንደ ሰው መንደር መሥርተው በሚኖሩበት ዘመን፣ ከአንድ ገደል ሥር አንዲት ትንሽ መንደር ነበረች። በዚያች መንደር እመት ጃርት ከልጆቿ ጋር ትኖራለች። ከጎኗ እመት ጥንቸል፣ ከጥንቸል ማዶ ደግሞ እመት ቆቅ አለች። ገደሉ ላይ ካለው ሰፊ ዋሻ ውስጥ አያ ዝንጀሮ ከአሮጊት እናቱ ጋር ይኖራል።

ከዕለታት አንድ ቀን ቁራ በመንደሩ ላይ እየዞረ ለፈፈ።

«ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ጉሮሮ አናቂ የሚባል በሽታ ቆላውን ጨርሶ ወደ ደጋ እየወጣ ነው! መነሻው ሳል፣ መድረሻው ትኩሳት ነው! ገበያ ተዘግቷል! መንገድ ተዘግቷል! ሁሉም ለቤቱ ሰንቆ በየጎሬው ይክተት! እጁን ሳይታጠብ እህል የሚቀምስ ወዮለት!»

መንደሩ ተሸበረ። እናቶች ልጆቻቸውን እየጠሩ ሰበሰቡ። አያ ዝንጀሮ ግን ማንንም አልጠራም። ስልቻዎቹን በትከሻው አንጠልጥሎ ከገደሉ ወረደ።

መጀመሪያ ወደ እንዶድ ሄደ። እንዶድ ታውቃላችሁ፤ ሳሙና ሳይመጣ ሰው የሚታጠብባት፣ ፍሬዋ አረፋ የምታወጣው ተክል ናት።

«አያ ዝንጀሮ፣ ቤትህ ውስጥ ስንት ናችሁ?» አለችው እንዶድ።

«እኔና እናቴ።»

«ለሁለት ነፍስ ጥቂት ይበቃል። የቀረውን ለጎረቤት ተወው።»

«በመጀመሪያ የመቀመጫዬን!» አለ ዝንጀሮ። ቅርንጫፏን አራገፈ፣ አንዲት ፍሬ ሳያስቀር ወስዶ ሄደ።

ቀጥሎ ወደ ማሽላ ሄደ። ማሽላ እያረረች ትስቃለች ይባላል፤ ያን ቀን ግን አልሳቀችም።

«አያ ዝንጀሮ፣ የምትበላውን ያህል ቁረጥ። ከዚያ በላይ የቆረጥከውን ነቀዝ ይበላልሃል።»

«በመጀመሪያ የመቀመጫዬን!» አለ ዝንጀሮ። አገዳ ብቻ እስኪቀር ድረስ ዛላውን ሁሉ ቀነጠሰ።

በመጨረሻ ወደ ነጭ ሽንኩርት ሄደ።

«አያ ዝንጀሮ፣ እኔ መድኃኒት ነኝ» አለው ነጭ ሽንኩርት ከመሬት ውስጥ ሆኖ። «ዛሬ የታመመ አለ ቤትህ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ለሚታመመው ተወኝ።»

«በመጀመሪያ የመቀመጫዬን!» አለና ከነሥሩ ነቀለው።

ስልቻው ተወጥሮ፣ «ኧረ በቃኝ! ጠገብኩ! ልፈነዳ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ስልቻ ደግሞ ምን ጥጋብ ያውቃል!» ብሎ ዝንጀሮ በእግሩ ጠቀጠቀው። ሁሉንም ዋሻው ውስጥ ከመረና ደጃፉን በትልቅ ድንጋይ ዘጋ።

ክፉ ስለሆነ ብቻ አይምሰላችሁ። እናቱን ይወዳታል፤ እናቱ ትሞትብኛለች ብሎ ፈርቶ ነው። ፍርሃት ደግሞ ጆሮ የለውም።

በማግስቱ እነ እመት ጃርት ቅርጫታቸውን ይዘው ቢወጡ እንዶዷ ራቁቷን ቆማለች፣ ማሽላው አገዳ ሆኗል፣ የነጭ ሽንኩርቱ ቦታ ጉድጓድ ብቻ ነው። ማን እንደወሰደው ለማወቅ ብዙ አልደከሙም፤ የፈሰሰውን ማሽላ እየተከተሉ ዋሻው ደጃፍ ደረሱ።

እመት ጥንቸል ቀደመች። «አያ ዝንጀሮ! ትንሹ ልጄ ማሳል ጀምሯል። እባክህ አንዲት ራስ ነጭ ሽንኩርት!»

«በመጀመሪያ የመቀመጫዬን!» አለ ድምፁ ከድንጋዩ ጀርባ።

እመት ቆቅ ቀጠለች። «አያ ዝንጀሮ! ጫጩቶቼ የሚታጠቡባት ጥቂት እንዶድ!»

«በመጀመሪያ የመቀመጫዬን!»

ሁለቱም ወደ እመት ጃርት ዞሩ። የእሷ ተራ ነው። እሷም ልጆች አሏት፤ እሷም ጨንቋታል። ግን እሾሆቿ አንድ በአንድ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«እኔ የምለው የለኝም» አለች። «በሰው ደጅ ቆመን አናለቅስም። ኑ፣ እንሂድ።»

እንዲህ ብላ ቀና ብላ ተመለሰች። ቤቷ ስትገባ ግን ልጆቿ እንዳያዩባት ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረችና አለቀሰች። እንባዋ አመዱ ላይ ጠብ አለ።

«እመት ጃርት፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለ አመድ።

«የምንታጠብበት የለን። የምንበላው ብዙ አይቆይም። ምን ልሁን?»

«እኔ እያለሁ የምንታጠብበት የለንም ትያለሽ? ውለታው የጠፋበት ሁሉ "አመድ አፋሽ ሆንኩ" እያለ ስሜን ያጠፋል እንጂ፣ እድፍ እኔ ፊት አይቆምም። እፈሺኝ፣ በውሃ አርጥቢኝና እጅሽን ፈትጊብኝ!»

ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው ቅል ተወዛወዘ። «እኔስ? ታቼን በእሾህሽ ብሺኝ። ውሃ በጠብታ አወርዳለሁ፤ አንድ እንስራ ውሃ መንደሩን ሁሉ ያስታጥባል!»

ጓዳ ያለችው ትንሿ ጎተራም ጉሮሮዋን ጠረገች። «እኔ ግማሼ ባዶ ነው፤ አልዋሽሽም። ግን ቦታ አለኝ። ሁሉም ያለውን ያምጣና እኔ ውስጥ ይጨምር።»

እመት ጃርት እንባዋን ጠረገች። ወጥታ ጎረቤቶቿን ጠራች። እመት ጥንቸል ያደረቀችውን ሥራ ሥር አመጣች። እመት ቆቅ ካቻምና የደበቀችውን ዳጉሳ አመጣች፤ ዳጉሳን እንደሆነ ነቀዝ አይደፍራትም።

«ግን እንዴት አብረን እንካፈላለን?» አለች እመት ጥንቸል። «በሽታው እኮ ከአንዱ ወደ አንዱ ነው የሚዘለው።»

እመት ጃርት ከጀርባዋ እሾሆች ነቀለች፤ ነቀለችና ከቤቷ ደጃፍ ጀምሮ እያራራቀች መሬት ላይ ተከለች። «ሁላችሁም በየእሾሃችሁ ቁሙ። እኔ እየሰፈርኩ አስቀምጣለሁ፤ እናንተ እየመጣችሁ ታነሣላችሁ።»

እንዲህ ሆነ። በየደጁ ቅል ተንጠለጠለ፣ በየቅሉ ሥር አመድ ተቀመጠ። የእመት ጥንቸል ልጅ ለብቻው ጉድጓድ ተሰጠው፤ እናቱ ብቻ እየገባች፣ እየታጠበች፣ እየወጣች አስታመመችው። ትኩሳቱ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣና ወረደ። ልጁ «ራበኝ» ያለ ዕለት እመት ጥንቸል መሬት ስማ ተነሣች።

ወደ ዋሻው እንመለስ። አያ ዝንጀሮ እንዶድ ሞልቶታል፤ እንዶድ ያለ ውሃ ግን ምን ያደርጋል? ምንጩ ታች ነው። ልውረድ ቢል ስልቻዎቹ ይሰረቁብኛል ብሎ ይፈራል። እንዶዱ ሻገተ። ነጭ ሽንኩርቱ በሰበሰ። ከማሽላው ውስጥ ነቀዝ ብቅ ብሎ፣ «አያ ዝንጀሮ፣ ስለ ግብዣው እግዜር ይስጥልን!» አለው።

ውሃ ጥም ሲጠናበት ሹልክ ብሎ ምንጩ ወረደ። አንድ ቀበሮ እያሳለ ጠጥቶ ከሄደበት ቦታ ተጎንብሶ ጠጣ። እጁን ሳይታጠብ ተመለሰ፣ ሳይታጠብ በላ፣ ሳይታጠብ እናቱን አጎረሰ። ሳሉ እሱን ጣለው፤ እናቱንም ያዛት። አሮጊቷ እየዳኸች ደጃፍ ደረሰችና በድንጋዩ ቀዳዳ ጮኸች።

«ኧረ የጎረቤት ያለህ! ኧረ ውሃ!»

መንደሩ ሁሉ ሰማ።

«ይበለው!» አለች እመት ጥንቸል። «ልጄ ሲያስል ደጁን የዘጋብን እሱ አይደል? እንዶዱን ይጠጣ!»

«እውነትሽን ነው» አለች እመት ጃርት። «አልፈርድብሽም። ግን ነገ በሽታው ሲያልፍ ገበያ ይከፈታል። "በዚያች መንደር አንዲት አሮጊት ውሃ ብላ ጮኻ ሰሚ አጣች" ሊባል ነው? እኔ እንዲህ ያለ ስም ይዤ ገበያ አልወጣም። እኛ እንደዚያ አይደለንም፤ ሆነንም አናውቅ!»

እመት ጥንቸል ቤቷ ገባች። ብዙ ቆይታ አጥሚት በቅል ይዛ ወጣች።

«ለእናቱ ነው» አለች ዓይኗን ሳታነሣ። «ለእሱ አይደለም።»

ገደሉን ተያይዘው ወጡ። ድንጋዩን ገፉት። ውሃውንና አጥሚቱን ደጃፍ ላይ አስቀምጠው ወደ ኋላ ራቁ።

«እማማ፣ ደጃፍዎ ላይ አለልዎት!» አለች እመት ጃርት። «ታጥበው ይቅመሱ፤ አመዱም ከጎኑ ነው።»

በየዕለቱ እንዲህ አደረጉ። እናትየዋ ቀስ በቀስ አገገመች፤ ዝንጀሮም አጥሚቱን ከእናቱ ጋር ተካፍሎ ዳነ። ለእሱም እንደሚደርሰው እመት ጥንቸል ታውቅ ነበር፤ ቢሆንም ቅሉን ከፍ አድርጋ መሙላት ጀመረች።

ዝንጀሮ በእግሩ የቆመ ዕለት ስልቻዎቹን እየጎተተ ወጣና ዘረገፋቸው። ዱቄትና ሻጋታ ብቻ ፈሰሰ።

«ላካፍላችሁ ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ምንም የቀረኝ የለም። ይህን ሁሉ ያደረግኩት ስለ እናቴ ብዬ ነበር።»

«በእኔ ስም ጎረቤት አትከልክል!» አለችው እናቱ ከኋላው። «እኔ እንዲህ አድርጌ አላሳደግኩህም።»

እመት ጃርት የያዘችውን ባዶ እንስራ መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ፣ «እጅ አለህ አይደል?» አለችው። «ቅሎቻችን ውሃ ጎድሏቸዋል።»

አያ ዝንጀሮ እንስራውን አነሣ። በሽታው እስኪያልፍ ድረስ ለመንደሩ ሁሉ ውሃ የሚቀዳው እሱ ሆነ።

መንገድ የተከፈተ ዕለት አያ ግመል ጨው ጭኖ ከቆላ መጣ። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«በመጣሁበት መንደር ሁሉ ለቅሶ ስደርስ ሰነበትኩ» አለ። «እዚህስ የማንን ልድረስ?»

እመት ጃርት ዙሪያዋን አየች። የቆቅ ጫጩቶች አቧራ ላይ ይራወጣሉ። የጥንቸል ልጅ እየዘለለ ነው። አሮጊቷ ዋሻዋ ደጃፍ ፀሐይ ትሞቃለች። የእመት ጃርት እሾሆች አንድም ሳይቀር ቀጥ ብለው ቆሙ።

«እዚህ ለቅሶ የለም፣ አያ ግመል» አለች። «ሙሉ ነን።»

«ጎተራችሁ ምን ያህል ቢተልቅ ነው?»

«ጎተራችንማ ትንሽ ናት። ለማንም አልተዘጋችም እንጂ።»

ግመል ጉልበቱን የሚያጥፈው ሲጭኑት ወይም ሲያራግፉት ነው። ያን ቀን ግን ማንም ሳያዘው ተንበረከከና ለመንደሯ እጅ ነሣ። ከዚያ ወዲህ የመንደሯ ልጆች ገበያ ላይ «የየት ናችሁ?» ሲባሉ ደረታቸውን ነፍተው ይመልሳሉ፤ ጠያቂውም መንገድ ይለቅላቸዋል።

ለብቻ የከመሩት ለነቀዝ፣ አብረው የሰፈሩት ለክፉ ቀን።

እኔ ተረቴን አውርጃለሁ። አፌን የምታብሱበት ዳቦ ካላችሁ ግን፣ ጎን ላለውም ቆርሳችሁ ስጡ።