በጥጋብ የሞተው ባትሪ

አቶ ጥላዬ የሚባሉ የሳሙና ፋብሪካ ባለቤት ነበሩ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ምሳ ግማሽ ጭልፋ ሽሮ ያስወጡና "ጥጋብ ሥራ ያስፈታል" ይላሉ። ለኤሌክትሪክ መኪናቸው ግን አይሰስቱም። መቶ በመቶ ካልሞላች ከቻርጀር አትነቀልም፤ ቆማ በምትውልበት ቀን እንኳ ጢም ብላ ትውላለች።

በሦስተኛው ዓመት፣ በአንድ ሙሌት አዳማ ደርሳ ትመለስ የነበረችው መኪና ስትመለስ ዱከም ላይ ቀጥ አለች። አቶ ጥላዬን ከነክብራቸው የሽንኩርት መኪና ጎትቶ አመጣቸው።

ወዲያው የፋብሪካውን ኤሌክትሪሺያን በሠራተኛው ሁሉ ፊት አስጠሩት።

"ባትሪዬን ማን ገደለው? አላውቅም ካልክ ሙያ የለህምና ትባረራለህ። 'እርስዎ ነዎት' ካልክ ደግሞ ደፍረኸኛልና ትባረራለህ!"

ስድስት ዓመት ግማሽ ጭልፋ የበላው ኤሌክትሪሺያን ሆዱ ጮኸ። ኋላ እጅ ነሥቶ፣

"የገደለውስ ደግነትዎ ነው፣ ጌታዬ" አለ።

አቶ ጥላዬ ፊታቸው በራ። "እንዴት ባክህ?"

"የጎረቤትዎ መኪና ባትሪ ከብረት የተቀመመ ነው፤ ሁልጊዜ ቢሞላም ብዙ አይጎዳው። የእርስዎ ግን ኒኬል የሚባል ማዕድን አለበት፤ ሁሌ ጢም ብሎ ከዋለ ቶሎ ያረጃል፣ መንገዱም ያጥርበታል።"

"ታዲያ አዲስ ባትሪ ስገዛ እንዴት ልያዘው?"

"እንደ እኛ ይያዙት፣ ጌታዬ፤ ሳይጠግብ ከገበታ ይነሣ። እርስዎ ቤት በጥጋብ የሞተ እሱ ብቻ ነው።"