የዝና የዘለለቻቸው ድንጋዮች

ተረት ተረት!

— «የላም በረት!»

ኧረ ጮክ በሉ፣ ላሚቱም አልሰማቻችሁም! ተረት ተረት!

— «የላም በረት፣ ጥጃዋም አለችበት!»

እንዲህ ነው እንጂ። እናንተ ሁለታችሁ፣ ጀርባ ተሰጣጥታችሁ የተቀመጣችሁት፣ ወዲህ ቅረቡ። የዛሬው የሳቅ ተረት አይደለም።

በድሮ ዘመን፣ ከአንድ አምባ ሥር ትንሽ ደብር ነበረች። ከደብሯ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ የጥንት መነኮሳት በድንጋይ ረድፍ የከለሉት መንገድ ነበረ። መንገዱ እንደ ቄስ ጥምጥም እየዞረ እየዞረ ወደ መሀል ይገባል። አገሬውም «ጥምጥሙ» ይለው ነበር። መሀሉ ላይ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች። ጭንቅ የያዘው ሰው ጫማውን ያወልቅና ይገባል። ቀስ ብሎ እየጸለየ ይሄዳል። ከዚያም ድንጋይዋ ላይ ይንበረከክና የልቡን ለአምላኩ ይነግራል። በመጣበትም ይመለሳል። መንገዱ ግን ተንኮለኛ ነው። ደረስኩ ስትሉ ወደ ዳር ይወስዳችኋል። ራቅሁ ስትሉ ወደ መሀል ያስጠጋችኋል። እንዲህ ሲያመላልሳችሁ የተበተነ ልብ ይሰበሰባል።

ሕግም ነበረው። እዚያ ውስጥ ከእግዜር በቀር ማንንም አያነጋግሩም። ድንጋዩን አይዘሉም። መንገዱ ጠባብ ነውና፣ ገቢና ወጪ ሲገናኙ ተቃቅፈው ዞር ይሉና ይተላለፋሉ።

በዚያ አገር የዝና የምትባል ሴት ነበረች። ስንዱ የምትባል አንድ ልጅ ብቻ ነበረቻት። ስንዱ አገባችና ወለደች። ልጁ ግን ገና እንደተወለደ በአዋላጇ በአትጠገብ እጅ ላይ ሞተ። አትጠገብ ጎረቤታቸው ናት፤ የአገሩን ልጅ ሁሉ የተቀበለች ሴት ናት። ምን ታድርግ? የዝና ግን አንጀቷ አረረና በሰው ፊት፦

— «እጅሽ ርጉም ነው! ሁለተኛ የልጄን ደጅ እንዳትረግጪ፣ በማርያም ገዝቼሻለሁ!» አለቻት።

ወይ ጉድ! አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ግዝት ደግሞ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። የገዘተው ሰው ራሱ በአፉ ካላነሳው፣ የተገዘተው እንደታሰረ ይቀራል። አትጠገብ አልቅሳ ሄደች። ከዚያ ወዲያ በአጥር እየተያዩ ሰላም ሳይባባሉ ኖሩ።

ስንዱ እንደገና አረገዘች። ቀኗ ደረሰና ምጥ ያዛት። ምጡ ጠናባት፤ ሕፃኑ ተጣሞ አልወጣ አለ። ሴቶቹ ከበዋት «ማርያም! ማርያም!» ይላሉ። የስንዱ ድምፅ ግን እየደከመ ሄደ። አንዷ የየዝናን ክንድ ያዘችና፦

— «ኧረ በእናትሽ፣ አትጠገብን ጥሪያት! ልጅቷ በእጃችን ልትሞት ነው!» አለቻት።

— «እሷ ደጅ ከምቆም አምላኬ ደጅ እቆማለሁ!» አለችና የዝና፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጥምጥሙ ሮጠች።

እልኋን አያችሁልኝ? ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት!

ጫማዋን አውልቃ ገባችና ትሄድ ጀመር። ቀና ስትል ከመሀል የምትመለስ ሴት አየች። አትጠገብ ናት። የዝና ፊቷን አዞረች። መንገዱ ግን መች ይለቃታል! አንዴ ያራርቃቸዋል፤ አንዴ ጎን ለጎን ያመጣቸውና በመካከላቸው አንድ የድንጋይ ረድፍ ብቻ ይቀራል። እንዲያ ጎን ለጎን ሲያልፉ፣ አትጠገብ እያለቀሰች፦

— «እመቤቴ፣ ስንዱን አደራ! የእኔ እጅ ታስሯል፤ አንቺ ድረሺላት» ስትል ሰማቻት።

ይቺ ሴት የስንዱን ጩኸት በአጥር ስትሰማ ውላ፣ መግባት ብትከለከል ልትለምንላት መጥታለች። እሷ እናቲቱ ደግሞ ግዝቷን እንደያዘች አምላክን ልትለምን መጥታለች። አፈረች፤ ክፉኛ አፈረች።

ከዚያም ፊት ለፊት ተገናኙ። አትጠገብ አንገቷን ደፍታ ቆመች። የዝና እጇን ዘረጋችና አቀፈቻት። እንግዲህ ዞር ብላ ወደ መሀል ማለፍ ነበረባት። አላለፈችም። በዚያ ዝም በሚባልበት ቦታ ጮኸች፦

— «ግዝቱን አንስቻለሁ! አትጠገብ እህቴ፣ ልጄን አድኚልኝ!»

እጇን ያዘችና ድንጋዩን ዘለለችው። የሚቀጥለውንም ዘለለችው። እግራቸው ድንጋዩን እየበተነ፣ ሁለቱም በቀጥታ ወደ ቤት በረሩ። ከደጀ ሰላሙ የነበሩት ሰዎች «ኧረ ምን ጉድ ነው!» ብለው አማተቡ።

አትጠገብ ገባች። እጇን ታጠበችና ሕፃኑን ቀስ አድርጋ አቃናችው። ፀሐይ ሳትጠልቅ እልልታው ቀለጠ። ሴት ልጅ ተወለደች፤ እናትም ልጅም ተረፉ። ክርስትና ያነሳቻትስ ማን ትመስላችኋለች? አትጠገብ ናታ!

ልጅቷ በተወለደች ማግስት የዝና ወደ ጥምጥሙ መጥታ የበተነችውን ድንጋይ ትለቅም ጀመር። የደብሩ አባት፣ አባ ሀብተ ጽዮን፣ አዩዋት።

— «አባቴ፣ ሕጉን አፈረስኩ። መሀሉም ሳልደርስ ወጣሁ። ንስሐ ይስጡኝ» አለቻቸው።

አባም መቋሚያቸውን ተደግፈው በረድፉ ላይ የተከፈተችውን ክፍተት አዩ። ከዚያም፦

— «ተይው ልጄ፣ አትመልሺው። ከሰው ተጣልቶ የመጣ ሁሉ እዚህ ሲደርስ በዚህ ይውጣ። ታርቆ እስኪመጣ መሀሉ የትም አይሄድበትም» አሏት።

ክፍተቷም እንዲሁ ቀረች። በጥምጥሙ የሚሄድ ሰው እዚያች ሲደርስ ይቆማል፤ ማንን እንዳስቀየመ ያስባል። አንዳንዱ ያልፋል። አንዳንዱ ግን በዚያች ይወጣና ወደ ጎረቤቱ ደጅ ይሄዳል።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌን በዳቦ አብሱልኝ። ዳቦውን የምታመጡልኝ ግን እናንተ ጀርባ የተሰጣጣችሁት ናችሁ። መጀመሪያ ተሳሳሙ፤ ከዚያ አንዱን ዳቦ ለሁለት ይዛችሁ ኑ።