የአዳራሹ ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ የሰፈራችን አዳራሽ የአንድ ሰው ጓዳ በሆነበት ዘመን፣ ጋሽ ይርጋ የሚባል ማሲንቆ መቺ ነበረ። ልጆች ሳለን አዳራሹ ውስጥ ዘፈንና ቲያትር ያስተምረን ነበር። አብዛኞቻችን ምሳ አናውቅም። እሱ ዘንድ ስንሆን ረሃቡ ይረሳናል።

የአዳራሹ ኃላፊ አቶ ጓንጉል ቦታውን ለእህል መጋዘን ፈለገው። ጋሽ ይርጋ አልወጣም አለ። ጓንጉል ማሲንቆውን ነጥቆ እፊታችን ጉልበቱ ላይ ሰበረው።

«በሉ፣ አሁን ዝፈኑ» አለን።

ጋሽ ይርጋ ከዚያ ወዲህ አልተጫወተም።

ከመካከላችን ሙላት፣ ብርነሽና ደምስ ይህን አልረሱም። ሦስቱም ዩኒቨርሲቲ ገብተው ኮሙኒኬሽን ተማሩ። ሲመለሱ ጓንጉል መንገድ ላይ አገኛቸው።

«ወሬ ለመማር ዩኒቨርሲቲ ድረስ? እድር ድንኳን ውስጥ በነፃ አለላችሁ።»

«የተማርነው የእርስዎን ወሬ ነው» አለችው ብርነሽ።

ሙላት በማኅበረሰብ ሬዲዮ ተቀጠረ። ማሲንቆ ሰባሪ ስለሚኖርበት ሰፈር ተከታታይ ድራማ ጻፈ። ስም አልጠራም፤ አላስፈለገም። ሰው የጓንጉልን ሰላምታ በአገጩ መመለስ ጀመረ። ለቅሶ ቤት ሲቀመጥ አግዳሚው ባዶ ይቀርለታል።

ብርነሽ የኪነት ቡድን አቋቋመች። መጀመሪያ የመረጠችው የጓንጉልን ልጅ ነው። ማሲንቆ አስተማረቻት። የመረጠቻት ለችሎታዋ አልነበረም፤ ልጅቷ ግን ከሁሉም በለጠች።

ደምስ አውጫጭኝን ቲያትር አደረገው። በድሮው ልማድ ጥፋት ሲፈጸም መንደሩ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም አይወጣም። ጓንጉል የልጁን ጨዋታ ሊያይ ብሎ እህሉን ወደ ጥግ አስገፋና አዳራሹን በገዛ እጁ ከፈተ።

ሰዉ ሞላ። ልጅቷ መድረክ ላይ ተጫወተች። ከዚያ ደምስ በሩን ዘጋ፤ ጋሽ ይርጋን ወደ መድረክ አወጣ፤ የተሰበረውን ማሲንቆ እግሩ ሥር አኖረ።

«ማን ሰበረው?»

ሁሉም ያውቃል። ማንም ወደ ጓንጉል አልዞረም።

ልጅቷ ብቻ አታውቅም ነበር። «አባዬ፣ ማነው?» አለች።

ጓንጉል ተነሣ። «እኔ ነኝ» አለ።

ጥፋተኛ ይክሳል፤ ልማዱ ነው። ጓንጉል የአዳራሹን ቁልፍ ለጋሽ ይርጋ ዘረጋ። ጋሽ ይርጋ አልነካውም።

«እዚህ ላቆመህ ስጥ» አለው።

ሦስቱም እጃቸውን ዘረጉ።

«እኔ ባላዋርደው አፉን አይከፍትም ነበር» አለ ሙላት። እሱ ቁልፉን ቢይዝ ጓንጉል ዳግመኛ ደጃፉን አይረግጥም።

«እኔ ልጁን ባልይዝ አዳራሹን አይከፍትም ነበር» አለች ብርነሽ። እሷ ብትይዘው ልጅቷ በየሳምንቱ ውስጥ ትጫወታለች፤ አባቷ ውጭ ቆሞ ይሰማል።

«እኔ በሩን ባልዘጋ ሾልኮ ይሄድ ነበር» አለ ደምስ። እሱ ቢይዘው ጓንጉል በየትዕይንቱ ፊት ወንበር ይቀመጣል፤ ማን ሰበረው ይባላል፤ ተነሥቶ ይመልሳል።

ጋሽ ይርጋ ሦስቱንም ሰምቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ሳይስማሙ ስለቀሩ እስኪፈረድ ድረስ ቁልፉ እኔ ዘንድ ተቀመጠ።

ልጅቷ ከዚያ ቀን ወዲህ ማሲንቆ አልነካችም። ባለፈው እሑድ ደጄ ድረስ መጣች።

«የጋሽ ይርጋ ማሲንቆ ተካሰ» አለችኝ። «የእኔንስ ማን ይክሳል?»

ያኔ ምሳ ካልበሉት ልጆች አንዱ ስለሆንኩ ማዳላቴ አይቀርም፤ እኔ አልፈርድም። እናንተ ፍረዱ፦ ቁልፉን ለማን ልስጥ?