በድልድዩ ላይ የተለቀሰለት እንግዳ

አንድ ሰው ነበረ። ነበረ ስልሽ ነበረ ነው፤ ከምነግርሽ ውስጥ አንዲት የሐሰት ቃል ብትገኝ የነገዋ ፀሐይ እኔን አታግኘኝ። በዚህ ዕድሜዬ የቀረችኝ ነፍሴ ብቻ ናት፤ እሷን ነው የማስይዝልሽ።

ጥያቄሽን ሰምቻለሁ፣ ትርንጎ። ሻንጣሽን አዝለሽ፣ ከአውቶቡስ ወደ አውቶቡስ እየተዘዋወርሽ፣ ብቻሽን ጎረቤት አገር ልታዪ ሄድሽ። ኬላው ላይ «ለምን መጣሽ?» አሉሽ። «አገር ለማየት» አልሻቸው። መለሱሽ። ይኸው ከተመለስሽ ጀምሮ ጎረቤት እንዳያይሽ በጓሮ በር ትገቢያለሽ፤ ዛሬ ደግሞ መጥተሽ «አባባ፣ መዋሸት ነበረብኝ ወይ?» ትይኛለሽ። ደሜን አፈላሽው! ተቀመጪና ስሚ። አንድ ሰው ነበረ።

ይህ ሰው ገበሬ ነው። ማሳው ወንዝ ዳር ነው። ወንዙ ደግሞ ሌባ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ከማሳው አፈር ይዝቃል፤ ዝቆም ቁልቁል ይነጉዳል፤ ድንበር ይሻገራል። በአባቱ ጊዜ ያንን ማሳ ከዳር እስከ ዳር ለመሄድ ስንቅ ይቋጠር ነበር። ለልጁ ሲደርስ በሬዎቹ ሲዞሩ ጭራቸው ጎረቤት ማሳ ውስጥ ይገባ ጀመር። እንዲያውም አንደኛው በሬ የቆመበት መሬት ከሥሩ ተወስዶ አየር ላይ ሲያመነዥክ ተገኝቷል። አትሳቂ፤ ያየ ሰው ነው የነገረኝ።

ሰውየው አንድ ቀን ሞፈሩን ሰቀለና ሚስቱን «እስቲ ይኼ ወንዝ አፈሬን የት እንደሚያደርሰው አይቼው ልምጣ» አላት።

«አይተህስ?» አለችው።

«አይቼማ እመለሳለሁ።»

«በል ሂድ። ምን እንደዘሩበት ሳታይ ከመጣህ ግን ቤት የለህም።»

ስንቁን ቋጥሮ፣ ነጠላውን ደርቦ፣ ፓስፖርቱን በደረት ኪሱ ይዞ ወንዙን በእግሩ ተከተለው። ቆላ ወረደ። የዚያ ቆላ ፀሐይ እንዴት ያለ ነው መሰለሽ፤ የሰው ጥላ እንኳ ባለቤቱን ጥሎ ዛፍ ሥር ይጋደማል። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ድንበር ደረሰ።

ድንበሩ አንድ ድልድይ ነው። በወዲህ ጫፍ አንድ እንጨት ተጋድሟል፤ በወዲያ ጫፍ ሌላ እንጨት ተጋድሟል። በየእንጨቱ ሥር አንዳንድ ሹም ተቀምጧል። ከወዲህም ከወዲያም ያለው ሕዝብ ቋንቋው አንድ፣ ገበያው አንድ፣ ለቅሶው አንድ ነው። የተለያዩት እንጨቶቹ ብቻ ናቸው።

የወዲህኛው ሹም ፓስፖርቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «የራስህን አገር አይተህ ጨረስክ?» አለው።

«ኧረ አልጨረስኩም፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ የሰው አገር ምን ይሠራልሃል?» አለና «ወጥቷል» የሚለውን ማኅተም እንደ ዘነዘና አወረደበት። ድልድዩ ተንቀጠቀጠ። ወንዙ ውስጥ የነበሩ ዓሦች ራስ ምታት ይዟቸው ሰነበተ።

ሰውየው ደስ ብሎት ተሻገረ። የወዲያኛው ሹም ቀና ሳይል «ጉዳይህ ምንድን ነው?» አለው።

«ለማየት ነው።»

«ማየት ጉዳይ አይደለም። ማየት ቆመህም ትችላለህ። ንግድ ነው? ሕክምና ነው? ሰርግ ነው?»

«አይደለም ጌታዬ። ወንዙ አፈሬን ወደ እናንተ አምጥቶታል። የት እንዳረፈ ልየው ብዬ ነው።»

«ልታስመልስ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! ይብቀልበት እንጂ።»

ሹሙ ይኼን ጊዜ ተጠራጠረ። ልብ በይ፤ «በርበሬ ልነግድ ነው» ብሎ ቢዋሽ ኖሮ አይጠረጠርም ነበር። በኬላ ሹም ዘንድ የሚያስፈራው ሰው ምንም የማይፈልግ ሰው ነው። «ለመሆኑ ተቀባይህ ማነው?» አለው።

ሰውየው የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ተቀባይህ ማነው ሲባል ከሰው ደጅ የቆመ መሰለው። በእሱ አገር የመሸበት መንገደኛ ከማያውቀው ቤት ደጃፍ ቆሞ የሚላት አንዲት ቃል አለች። አባቱም ብሏታል፤ አያቱም ብሏታል። እሷን የተናገረ ሰው በር አይዘጋበትም፤ እግሩ ይታጠባል፤ መደብ ይለቀቅለታል፤ ስሙን እንኳ የሚጠይቁት ከጠገበ በኋላ ነው። እናም ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ተናገራት፦

«የእግዜር እንግዳ ነኝ።»

ሹሙ ብዕሩን አነሳ። «የተቀባይ ስም፣ እግዜር» ብሎ ጻፈ። «የአባት ስም?»

ሰውየው የሃይማኖት ክርክር እንዳይነሳ ፈርቶ ዝም አለ።

«እሺ፣ ስልክ ቁጥሩስ?»

«እሱን እንኳ… እኛ ስንጠራው ያለ ስልክ ነው።»

«ስልክ የሌለው ሰው እንግዳ አይቀበልም። ተመለስ!»

ተመለሰ። የወዲህኛው ሹም እጁን ዘርግቶ አገደው። «አንተ እኮ ወጥተሃል። ይኸው ማኅተሙ። የወጣ ሰው የሚገባው ከሌላ አገር ሲመጣ ነው። አንተ ከየት አገር ነው የመጣኸው?»

«ከድልድዩ።»

«ድልድይ አገር አይደለም። ሂድና እዚያ ግባ፤ ከዚያ ውጣ፤ ከዚያ በኋላ ና።»

ገብቶሻል? ለአንዱ ወጥቷል፤ ለሌላው አልገባም። እናቱ አምጣ የወለደችው ሰው በጠራራ ፀሐይ «የትም የለህም» ተባለ! እኔ ይኼን በተናገርኩ ቁጥር ጥርሴ ይፋጫል፤ ያውም በቀሩኝ ጥርሶች።

ስንቁን በልቶ ጨርሷል። ጉሮሮው ደርቋል። ወንዙ ከእግሩ ሥር ይፈሳል። ወርጄ ልጠጣ ቢል ሁለቱም ሹማምንት በአንድ አፍ «በሕገወጥ መንገድ መሻገር ነው! እንተኩሳለን!» አሉት። ለእንቢታ ጊዜ ስምምነታቸው እንዴት ያምራል! እናም ከውሃ በላይ ቆሞ በውሃ ጥም ሊሞት ሆነ። ዓይኑ እያየ አፈሩ ማንም ሳይጠይቀው ሲያልፍ ዋለ። ንፋስ አለፈ። አንበጣ አለፈ። አንዲት ዝንጀሮ ልጇን አዝላ መጣች፤ የወዲያኛው ሹም ጭራዋ እንዳይነካባት እንጨቱን ከፍ አደረገላት። አንድ ባለጠጋ ጭነት መኪኖቹን አስከትሎ መጣ፤ የመኪናውን መስታወት እንኳ ሳያወርድ «ደህና ይግቡ፣ ጌታዬ!» ተብሎ አለፈ። ሰው ብቻ ቀረ። ሰው፣ ልጄ! በአምላክ አምሳል የተፈጠረው ከዝንጀሮ አንሶ!

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ድልድዩ ላይ ቁጭ አለ። አንዲት ሎሚ ሻጭ ከገበያ ስትመለስ አየችው። ያን ቀን ሙሉ ቆም ብሎ ያየው ሰው እሷ ብቻ ናት። አንድ ሎሚ ገምሳ አፉ ውስጥ ጨመቀችለትና ነገሩን ስትሰማ በዓይኗ ገላመጠችው።

«አንተ ደግሞ! ለቅሶ ነው አትላቸውም? ለቅሶ የሚሄድን ሰው ማን ያቆማል?»

«ማን ሞተ ልበል? በቁሙ ያለ ሰው ልግደል?»

«አንድ የማይረባ አጎት የለህም?»

«አለ። እሱም ቢሆን ይኑር።»

«እንግዲያው እውነትህን ታቅፈህ ድረቅ!» ብላው ሄደች።

ሰውየው አሰበ። ዛሬ የሞተ የለም ወይ ብሎ አሰበ። ብዙ አላሰበም፤ ሙቀቱ አያሳስብም። ተነሳ። ነጠላውን አዘቅዝቆ ለበሰ። ከድልድዩ መካከል ቆመና ደረቱን እየደቃ ጮኸ፦ «ወየው! ወየው መንገደኛው! ወየው ደጅ ላይ የቀረኸው!»

ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር፤ ሰው ድልድይ ላይ ቢጮህ ማን ይሰማል? ግን ያ ባለጠጋ ጭነቱን አራግፎ እየተመለሰ ነበርና መንገዱ ተዘጋበት። ተናደደ። ጡሩምባውን ተጫነው። ከኋላው የተሰለፉት መኪኖችም ጌታቸውን አይተው ጡሩምባቸውን ተጫኑት።

በዚያ አገር መርዶ የሚነገረው በጡሩምባ ነው። ሰው ሲሞት የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ይነፋል፤ የሰማ ሁሉ እጁ ላይ ያለውን ጥሎ ይወጣል። የወዲህኛው መንደር ጡሩምባ ሰማ። የወዲያኛውም ሰማ። «ኧረ ይኼ ሁሉ ለአንድ ሰው አይነፋም፤ ትልቅ ሰው ነው የሞተው!» አሉና ከሁለቱም በኩል ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ጎረፉ። ሙሽራው ከነካባው መጣ። ጸጉሯን ግማሽ የተሠራች ኮረዳ ግማሹን በትና መጣች። ለዓመታት ከአልጋ ያልወረደ አንድ ሽማግሌ «የእኔ ይሆናል፤ እስቲ ማን ማን እንደመጣ ልየው» ብሎ ተነስቶ በእግሩ መጣ።

ሹማምንቱ «ቁሙ! ፓስፖርት!» አሉ። ለቀስተኛን ፓስፖርት! ማን ይስማቸው፤ ሕዝቡ እንጨቶቹን በትከሻው ከፍ እያደረገ አለፈ። ባለጠጋው መስታወቱን አውርዶ «መንገድ ልቀቁ!» ቢል፣ ሴቶቹ «ጡሩምባህን ነፍተህ ጠርተኸን ልቀቁ ትላለህ?» ብለው የመኪናውን ሸራ ገፈው ድንኳን ጣሉበት።

በለቅሶ ደግሞ ወጉ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ማን እንደሞተ የሚጠየቀው በኋላ ነው። ድልድዩ ሙሉ ሕዝብ ሰውየውን ከቦ አለቀሰ። ከእንባው ብዛት ወንዙ በበጋ ሞላ። ሲበርድላቸው ከወዲያ ማዶ የመጡ አንዲት አሮጊት ጠጋ አሉት።

«እግዜር ያጥናህ፣ ልጄ። ማነው የሞተብህ? ሬሳውስ የት አለ?»

«የሞተው የእግዜር እንግዳ ነው፣ እማማ» አለ ሰውየው። «ዛሬ ጠዋት፣ እዚያ እንጨት ሥር። የእግዜር እንግዳ ነኝ ብል የእግዜርን ስልክ ጠየቁኝ። ስልኩን ባጣ መለሱኝ። እኛ ዘንድ በዚህ ስም በር ተዘግቶ አያውቅም። ዛሬ ከተዘጋ ሞቷል ማለት ነው ብዬ አለቀስኩለት።»

አሮጊቷ ወደ ወዲያኛው ሹም ዞሩ፤ የመንደራቸው ልጅ ነው።

«አንተ! የሚለው እውነት ነው?»

«ሕጉ እኮ ነው፣ እማማ። ተቀባዩ ስልክ ከሌለው…»

«እናትህ አንተን በሆዷ ይዛ ይህን ወንዝ ተሻግራ ደጄ ላይ ስትቆም ምን ብላ ነበር የገባችው? ስልክ ነግራኝ ነበር? ንገረኝ እንጂ! ማን ነኝ ብላ ነበር?»

ሹሙ አንገቱን ደፋ። ቆቡን አወለቀ። በወዲህ ጫፍ ያለውም ሹም ቆቡን አወለቀ። የሁለቱም እንባ ጉንጫቸው ላይ ዱብ ዱብ አለ።

«ተነሱ» አሉ አሮጊቷ። «ሐዘንተኛ ሜዳ ላይ አያድርም። እዝኑ እኔ ቤት ነው።»

ሕዝቡም ሰውየውን በግራና በቀኝ ብብቱን ይዞ፣ ሐዘንተኛ እንደሚደገፍ ደግፎ፣ በእንጨቱ ሥር ይዞት ገባ። ውሃ ጠጣ። እግሩ ታጠበ። መደብ ተለቀቀለት። በማግስቱ አፈሩን አገኘው፤ ጥቁር ነው፣ ወፍራም ነው፣ ሽንኩርት በቅሎበታል። በእፍኙ ዘግኖ አሸተተውና አወቀው። ባለማሳውም «የማን እንደሆነ ሳናውቅ ስንመርቀው ነው የኖርነው» አለው።

እንግዲህ ትርንጎ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። ሎሚ ሻጯ «ልዋሽ ወይ?» ያለችሽ ሐሳብሽ ናት። ክፉ አይደለችም፤ ጉሮሮሽን ታረጥባለች። ግን ብትሰሚያት ኖሮ አንቺ ታልፊና በሩ በሚቀጥለው ሰው ላይ ይበልጥ ይዘጋል፤ ሹሙም «ሰው ሁሉ ጉዳይ አለው፤ ለማየት የሚመጣ የለም» ማለቱ እውነት ይሆንለታል። ስለዚህ መዋሸት አልነበረብሽም። ያጎደልሽው ሌላ ነው። ነውሩ የእነሱ ሆኖ ሳለ ተሸክመሽ ይዘሽው መጣሽ። በጓሮ በር መግባት የነበረባቸው እነሱ ናቸው! በር የተዘጋበት ሰው ዝም ካለ፣ ያጠፋው እሱ ይመስላል። ከጮኸ ግን መንደር ይወጣል፤ ወጥቶም ምን እንደሞተ ያያል። አትዋሺ፤ ዝምም አትበይ። በዋናው በር ውጪና ለሰሙሽ ሁሉ ንገሪ።

ይልቅስ፣ ከነገርኩሽ ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር ከኪሴ ጨምሬያለሁ። የማይመስልሽ ሁሉ እውነት ነው። ውሸቱ የሚመስለው ነው፤ ሹማምንቱ ሐፍረት ተሰማቸው፣ አለቀሱ ያልኩሽ። ሰውየው ተደግፎ ሲያልፍ አንዱ እንጨቱን ወደ ታች እየጎተተ ነበር፤ ሌላው ለቀስተኛውን «በሰልፍ! በሰልፍ!» ይል ነበር። አንገቱን የደፋ የኬላ ሹም እኔ በዕድሜዬ አላየሁም።